ሃርድ ቶፕ 75 ላንድክሩዘር፦ የኋላ ባሌስትራ ግቢ ውስጥ ራሴ ልቀይር ነው፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጂማ_ሃርድቶፕ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1994 ሞዴል ሃርድ ቶፕ ላንድክሩዘር ናት፣ ኤችዜድጄ 75፣ ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር። ፊትም ኋላም ባሌስትራ ናት፣ የመኪናዋን ክብደት የሚሸከመው ተደራራቢ የብረት ስፕሪንግ ማለቴ ነው። ችግሩ የኋላ ግራው ቁጭ ብሏል። ባዶዋን ቆማ እንኳን ወደ ግራ ማዘንበሏ ያስታውቃል፣ ከሊሙ በኩል ቡና ጭነን ስንመጣማ ኮረኮንቹ ላይ ጎማው ከላይ ሊነካ ይደርሳል፣ ጉድጓድ ሲገጥማት ደግሞ ብረት ከብረት ሲጋጭ ይሰማኛል።

ባሌስትራ የሚሠራ ቤት ወስጄ ሳሳያቸው "አውርደን በእሳት እናጎብጠዋለን፣ አንድ ብረት እንጨምርበታለን፣ ትነሳለች" አሉኝ። ሌላ ጋራዥ ደግሞ ሙሉውን አዲስ ግዛ አለኝ። አዲስ ከገዛሁ ሥራውን ግቢዬ ውስጥ ራሴ ልሠራው አስቤያለሁ። ክሪክ አለ፣ ቁልፍ ሙሉ ነው፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ታናሽ ወንድሜም ያግዘኛል። ፍሬንና ኩሽኔታ ሠርቼ አውቃለሁ፣ ባሌስትራ ግን አውርጄ አላውቅም። የምታውቁ እስኪ ንገሩኝ።

ጋሽ_ማርሽ፦
ልጄ፣ እሳት እንዳታስነካው። የባሌስትራ ብረት ተራ ብረት አይደለም። ፋብሪካ ውስጥ ተግሎ፣ በዘይት ቀዝቅዞ፣ እንደገና በልክ ተሞቆ ነው ያንን የመመለስ ጉልበት ያገኘው። አንተ ሰፈር ውስጥ በከሰል ቀይ እስኪሆን አግለህ ጎብጠኸው እንዲሁ አየር ላይ ሲበርድ ቅርጹ ይመለሳል፣ ጉልበቱ ግን አይመለስም። ለጥቂት ጊዜ ከፍ ብላ ታስደስትሃለች፣ ጭነት ሲመጣ መልሳ ትቀመጣለች። አንዱ ቦታ ከሌላው በላይ ግሎ ከነበረ ደግሞ እዚያው ላይ ይሰበራል።

ብረት መጨመሩም ቢሆን መፍትሔ አይመስለኝም። የደከመው ዋናው ብረት ነው፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ቡሎን የሚገባበት ጆሮ ያለው። እሱ ጠፍጥፎ ተኝቶ ሳለ ከሥሩ የጎበጠ አዲስ ብረት ስትጨምር ሸክሙ እኩል አይከፋፈልም፣ አዲሱ ብቻውን ይሸከማል።

ደብረዘይት_ናፍጣ፦
ጋሽ ማርሽ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እርስዎ የሚሉት መጽሐፉ ላይ ያለውን ነው። እዚህ አገር ስንት አይሱዙ ነው ብረት ተጨምሮበት ዓመት ከዓመት ጭነት የሚጎትተው? ሁሉም ሰው አዲስ የመግዛት አቅም የለውም። ያለ እሳት በመዶሻ ብቻ እየቀጠቀጡ የሚያጎብጡ ባለሙያዎች አሉ፣ እኔ አሠርቼ በደንብ ሄዶልኛል።

ጋሽ_ማርሽ፦
ያለ እሳት የሚሠራውን አልተቃወምኩም ወንድሜ። በብርዱ የተቀጠቀጠ ብረት ጉልበቱን አያጣም፣ ተመልሶ ቢቀመጥም ቀስ ብሎ ነው። ገንዘብ ለጊዜው ከሌለ እሱ ይሻላል። እኔ የምጠላው እሳቱን ነው። ይህ ልጅ ደግሞ ሰውና ቡና ጭኖ ቁልቁለት የሚወርድ ነው። ዋናው ብረት መንገድ ላይ ጆሮው አጠገብ ቢሰበር አክስሉ ወደኋላ ይሸሻል፣ መኪናዋ መሪ አትሰማም። ባለችው ገንዘብ ሁሉ አዲስ ይግዛ እላለሁ።

ሳባ_ቱር፦
ከመግዛትህ በፊት ለካ ወንድሜ። እኔ ቱሪስት ይዤ ወደ ጂንካና ቱርሚ በ75 የምመላለስ ነኝ፣ ይህ ማዘንበል የሚሉት ነገር ሁልጊዜ ከባሌስትራ አይመጣም። ሜዳ ላይ አቁማት፣ ባዶዋን፣ የአራቱም ጎማ ነፋስ እኩል ይሁን። ከዚያ ከጎማው መሃል ማለትም ከአክስሉ ጫፍ እስከ ጎማው በላይ ያለው የቦዲ ጠርዝ ድረስ በሜትር ለካ። ከመሬት ጀምረህ አትለካ፣ የጎማው ነፋስና መበላት ያሳስትሃል። አራቱንም ጎን ጻፈው።

አንዳንዴ የኋላው አዘነበለ የምንለው የፊቱ ሰያፍ ባሌስትራ ደክሞ ነው። ፊት ቀኝ ሲቀመጥ ኋላ ግራ ይነሳል፣ ፊት ግራ ሲቀመጥ ደግሞ ኋላ ግራም አብሮ የወረደ ይመስላል። ጥርጣሬ ካለህ የኋላ ግራና ቀኙን ባሌስትራ አቀያይረው። ማዘንበሉ ወደ ቀኝ ከዞረ ባሌስትራው ነው። እዚያው ግራ ከቀረ ግን ቻሲው ወይም የባሌስትራው መያዣ ተጣሟል፣ አዲስ ብትገዛም ምንም አይፈይድልህም።

ሌላው፣ ከሥሯ ግባና ዋናው ብረት የተሰነጠቀበት ቦታ ካለ እይ። መሃል ላይ፣ አክስሉ የሚቀመጥበት ጋ ተሰንጥቆ ከሆነ ምክንያቱ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው ዩ ቦልት ላልቶ መኖሩ ነው። ብረቶቹ መሃላቸው ላይ መተጣጠፍ የለባቸውም፣ ጥብቅ ብለው መታሰር አለባቸው፣ ሲላላ ያቺ መሃል ያለችው የቡሎን ቀዳዳ ላይ ይቆረጣሉ። ጆሮው አካባቢ ከሆነ ግን ጭነት በዝቷል ወይም ሾክ አብዞርበሩ ሞቷል ማለት ነው።

ጂማ_ሃርድቶፕ፦
እህቴ በጣም አመሰግናለሁ። ለካሁ። የፊቱ ግራና ቀኝ እኩል ናቸው። የኋላ ግራው ከቀኙ በ4 ሴንቲሜትር ያህል ይወርዳል። ከሥሯ ገብቼ ሳይ ደግሞ ከላይ ሁለተኛው ብረት መሃሉ ላይ ተሰብሯል፣ ዩ ቦልቱን በቁልፍ ስሞክረው ያለ ጉልበት ዞረልኝ። ስለዚህ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው?

ሳባ_ቱር፦
ተገኘ። ከመጀመሪያው የላላውን ማንም አላየውም ማለት ነው። ይህን ነገር ለሁሉም 75 ነጂ እናገራለሁ፣ ኮረኮንች ላይ የምትውል መኪና ዩ ቦልቷ በየሰርቪሱ በቁልፍ መነካት አለበት። ዘይት ቀይረው ሲጨርሱ ይህን የሚያይ ሠራተኛ ብርቅ ነው።

ሻርጃ_ስፔር፦
ከዱባይ በኩል ነኝ። ሻርጃ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ለ75 የሚሆን ባሌስትራ፣ አዲስም ያገለገለም አለ። ያገለገለውን ግን አልመክርህም፣ የማን ጭነት እንደተሸከመ አታውቅም። አዲሱን ስትገዛ ከሁሉ በፊት የምትጠየቀው መኪናዋ ሁልጊዜ ምን ያህል ትጭናለች የሚለው ነው። የአውስትራሊያዎቹ ኦልድ ማን ኢሙን የመሰሉት ለአንድ መኪና የተለያየ ክብደት የሚችል ባሌስትራ ነው የሚያወጡት። ሰው ይሳሳትና "ከባዱን ስጠኝ" ይላል፣ ከዚያ ባዶዋን ስትሄድ እንደ ጋሪ ትመታለች፣ ቻሲውም ይሰነጠቃል። አንተ በብዛት ምን ትጭናለህ?

ጂማ_ሃርድቶፕ፦
በቡና ወቅት 60 ኪሎ ጆንያ አሥር ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ከዚያ ውጪ ያለው ጊዜ ሰው ብቻ ነው።

ሻርጃ_ስፔር፦
600 ኪሎ በጥቂት ወር፣ ሌላው ባዶ። እንግዲያው የመካከለኛውን ውሰድ፣ ከባዱን ተወው። ግራና ቀኙን አብረህ ግዛ፣ አንዱን ብቻ እንዳትቀይር። አዲስ ግራ ከደከመ ቀኝ ጋር ሲሆን ማዘንበሉ ወደ ሌላው ጎን ይዞራል። ከባሌስትራው ጋር አዲስ ዩ ቦልት ከነዳዶው፣ ጆሮው ውስጥ የሚገባ አዲስ ጎማ ቡሽ፣ የጆሮውን ቡሎኖች፣ ከኋላ በኩል የሚወዛወዘውን ማያያዣ፣ ሻክሉን ማለቴ ነው፣ ሁሉንም አብረህ ግዛ። ዩ ቦልት አንዴ ከተሳበ ተሳበ፣ ድጋሚ አይታሰርም። ብዙ ሰው ባሌስትራውን ገዝቶ ለእነዚህ ትንንሽ ዕቃዎች ይሳሳል፣ ሥራው የሚበላሸውም እዚያ ላይ ነው። ጎማ ቡሹን ሶማሌ ተራም ታገኘዋለህ፣ ግን በእጅህ ጨምቀው እይ፣ እንደ ፕላስቲክ የደረቀውን አትውሰድ።

ጋሽ_ማርሽ፦
ሥራውን እንግዲህ ልንገርህ ልጄ፣ ረጅም ነው፣ ተረጋግተህ አንብብ።

ከቀድሞው ቀን ጀምረህ የጆሮዎቹን ቡሎኖችና የዩ ቦልቱን ዳዶዎች በሽቦ ብሩሽ ጭቃውን አራግፍና ናፍጣ ወይም ደብሊው ዲ 40 አጠጣቸው። ማታ አንዴ፣ ጠዋት ደግሞ አንዴ። የዝገት ጉልበት በችኮላ አይሸነፍም፣ ጊዜ ነው የሚያሸንፈው።

የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርግ። አሁን ልብ በል። የዚህች መኪና የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማ ነው። ማርሽ አስገብተህ ብትተዋትም በቱ ዊል ከሆነች የሚያዘው ያው የኋላው ነው። አንተ ደግሞ ከመሬት ልታነሳ ያለኸው የኋላውን ነው። ሲነሳ የእጅ ፍሬኑም ማርሹም ከመሬት ጋር ምንም ግንኙነት አይኖራቸውም፣ ታኮው ብቻ ይቀራል። ስለዚህ የፊት ጎማ ፍሪ ሀቡን፣ ጎማውን ከአክስሉ ጋር የሚያገናኘውን ማለት ነው፣ ሁለቱንም ሎክ አድርግ፣ ፎር ዊል አስገባ፣ አንደኛ ማርሽ ላይ ተዋት። ያን ጊዜ የፊት ጎማም ይያዛል። ይህን ባለማድረግ ስንት መኪና ከክሪክ ላይ ሲንሸራተት አይቻለሁ።

ጎማዎቹ መሬት ላይ እያሉ የዩ ቦልቱን፣ የጆሮውን፣ የጎማውን ዳዶዎች በሙሉ ትንሽ ትንሽ አላላ፣ ግን አትፍታ። ከባድ ጉልበት የሚጠይቀው ሥራ መኪናው መሬት ላይ ሳለ ማለቅ አለበት። ተነስታ ቆማ ረጅም ቱቦ አስገብተህ ስትጎትት መወዛወዟ አይቀርም።

አንሳት፣ ቻሲው ሥር፣ ከባሌስትራው የፊት መያዣ ፊት ለፊት ባለው ቦታ ግራና ቀኝ ጠንካራ ካቫሌቶ፣ መኪና የሚያርፍበትን ማቆሚያ፣ አስገባ። ብሎኬት አታስገባ! ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፣ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈርሰው። ካቫሌቶ ከሌለህ ወፍራም ጠርብ እንጨት እያመሳቀልክ ደርድር። ወንድምህም አንተም በክሪክ ብቻ የተያዘ መኪና ሥር ራሳችሁን አታስገቡ። ካቫሌቶው ላይ ከተቀመጠች በኋላ በሁለት እጅህ ገፋ አድርገህ ነቅንቃት፣ ከተንቀሳቀሰች አውርደህ እንደገና ጀምር። የነቀልካቸውን ጎማዎችም ቻሲው ሥር አጋድማቸው፣ ነገሩ ቢከፋ እነሱ ይይዟታል።

ክሪኩን አሁን አክስሉ ሥር አድርገህ ክብደቱን ብቻ ተቀበለው። የሾክ አብዞርበሩን የታች ጫፍ ፍታ። የፍሬን ቱቦው ምን ያህል እንደሚለጠጥ እያየህ ነው አክስሉን የምታወርደው፣ በፍሬን ቱቦ ላይ አክስል አይንጠለጠልም። ከዚያ ዩ ቦልቱን ፍታ፣ የኋላውን ሻክል አውጣ፣ የፊቱን የጆሮ ቡሎን አውጣ። ባሌስትራው ከባድ ነው፣ ለሁለት ያዙት። አንዱን ጎን ጨርሰህ ሳታስር ሌላውን አትንካ፣ ምክንያቱም አክስሉን በቦታው የሚይዘው ያ ያልተፈታው ነው።

አዲሱን ስታስገባ አቅጣጫውን እይ። መሃል ያለው ቡሎን ብዙ ጊዜ በልኩ መሃል ላይ አይደለም፣ ከአንዱ ጆሮ ይቀርባል። አሮጌውን አጠገቡ አስተኝተህ አመሳስል። ተገልብጦ ከገባ አክስሉ ወደፊት ወይም ወደኋላ ይሄዳል። የመሃል ቡሎኑ ጭንቅላት አክስሉ ላይ ካለችው ጉድጓድ ውስጥ ቁጭ ማለት አለበት። ያቺ ጉድጓድ ተበልታ ሰፍታ ከሆነ መኪናዋ ዝንተ ዓለም በጎን እንደሄደች ትኖራለች፣ አስሞልተህ አስከርክራት።

ዩ ቦልቱን በመስቀለኛ አጥብቅ፣ አራቱንም እኩል እኩል። የጆሮዎቹን ቡሎን ግን እጅህ እስኪበቃ ብቻ አስረህ ተዋቸው።

ቨርጂኒያ_60፦
ጋሽ ማርሽ የመጨረሻዋን ነገር ያብራሩለት፣ ዋናዋ እሷ ናት። እኔ እዚህ አሜሪካ 1987 ላንድክሩዘር 60 አለኝ፣ ያው ባሌስትራ ናት። ብዙ ሰው መኪናው ተንጠልጥሎ ሳለ የጆሮውን ቡሎን እስከ መጨረሻው ያጠብቃል። ከዚያ መሬት ላይ ስትወርድ ባሌስትራው ይዘረጋል፣ ጎማ ቡሹ ደግሞ በዚያ በተንጠለጠለበት አቋም ተቆልፏል፣ ስለዚህ ተጠማዝዞ ይኖራል። ቆማ እያለች እንኳን እየተሰቃየ ነው። ቶሎ ይቀደዳል፣ ጋጭ ጋጭ ማለት ይጀምራል። አዲስ ባሌስትራ አስገብቼ ለምን ትጮሃለች የሚል ሰው ሁሉ ጉዳዩ ይኸው ነው። መኪናዋን አውርድ፣ ኋላዋ ላይ ቆመህ ደጋግመህ አነጥራት፣ ትንሽ ንዳት፣ ከዚያ ሙሉ ክብደቷ ጎማዋ ላይ እያለ አጥብቅ። ልኩን ከሰርቪስ መጽሐፏ ውሰድና በቶርክ ሬንች ሥራው።

ሌላ ነገር፣ እኛ ጋ በክረምት መንገድ ላይ ጨው ስለሚነሰነስ ቡሎኑ ከቡሹ የውስጥ ቱቦ ጋር ዝጎ ይጣበቃል፣ በመዶሻ አይወጣም። ቆርጠን ነው የምናወጣው። ጂማ ጨው የለም፣ ግን ዝናቡና ጭቃው ይኖራል። እንቢ ካለህ መያዣውን በመዶሻ አትደብድብ፣ ቻሲውን ታጣምመዋለህ። ግራይንደር ተከራይተህ ቁረጠው፣ ቡሎኑ ርካሽ ነው።

ደብረዘይት_ናፍጣ፦
ቡሹ ላይ የተቃጠለ ዘይት ቀባ ቀባ ቢያደርግበትስ? እኛ ሁልጊዜ ባሌስትራውን በሙሉ እናጠጣዋለን፣ ድምፅ ይጠፋል።

ጋሽ_ማርሽ፦
ድምፁ ይጠፋል፣ ቡሹም ይጠፋል። ዘይት ጎማን ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ ከዚያ ይበጣጠሳል። በብረቶቹ መሃል የሚገባው ዘይት ደግሞ አቧራ ይሰበስብና እንደ ሞረድ ይበላቸዋል። ቡሹን ስታስገባ የሳሙና ውኃ ይበቃል፣ ወይም ለጎማ የሚሆን የሲሊኮን ግሪስ። የቡሎኑን አካል ግን ግሪስ ቀባው፣ ለሚቀጥለው ፈቺ ውለታ ትውላለህ።

ጂማ_ሃርድቶፕ፦
ባሌስትራው ከነዕቃው ደርሶኝ ዛሬ ጀመርን። የግራውን አውርደናል፣ የፊት ጆሮው ገብቷል። ችግሩ አዲሱ በጣም የጎበጠ ስለሆነ የኋላ ጆሮው ሻክሉ ጋ አይደርስም። በመዶሻ ልግፋው ወይስ?

ቨርጂኒያ_60፦
አትምታው! የጎበጠ ማለት አጭር ማለት ነው፣ ሲጫነው ይረዝማል። ዩ ቦልቱን አስረኸው ከሆነ ፍታ፣ ሁለቱ ጆሮዎች ሳይገቡ ዩ ቦልት አይታሰርም። ሻክሉን ወደ ፊት አወዛውዘው፣ ትንሿን ክሪክ የባሌስትራው የኋላ ጫፍ ሥር አድርገህ ጆሮውን ቀስ እያልክ ወደ ሻክሉ አንሳው። ትንሽ ብቻ ከቀረው የጭነት ማሰሪያ ቀበቶ ከባሌስትራው ጫፍ እስከ ቻሲው የኋላ ጫፍ አስረህ ሳበው። በክሪክና በቀበቶ የተወጠረ ባሌስትራ ፊት ለፊት ግን አትቁም፣ ወንድምህም ይራቅ።

ሳባ_ቱር፦
ጆሮዎቹ ከገቡ በኋላ አክስሉን ስታወርድ የመሃል ቡሎኑ ጭንቅላትና ጉድጓዷ አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ባይገናኙ አትደንግጥ። ያንኑ ቀበቶ አክስሉ ላይ አዙረህ ወደሚጎድለው በኩል ሳበው፣ ይመጣል። ቁጭ ሳይል ግን ዩ ቦልቱን አጥብቀህ በጉልበት አስገባለሁ እንዳትል፣ ቡሎኑ ይቆረጣል።

ጂማ_ሃርድቶፕ፦
ገባ! ቀበቶው ነው ያዳነን። ቀኙን በግማሽ ሰዓት ጨረስነው፣ አንዴ ካወቁት ቀላል ነው። አወረድናት፣ አነጠርናት፣ መሬት ላይ አጠበቅነው። አሁን ቀጥ ብላ ቆማለች፣ ግራና ቀኝ እኩል። ግን ኋላዋ ከፊቷ በጣም ከፍ ብሏል፣ ፍሬን ስይዝ ደግሞ ከበፊቱ ይልቅ ፊቷ ድፍት የሚል መሰለኝ። ይህ ጤነኛ ነው?

ጋሽ_ማርሽ፦
ከፍታው አዲስ ስለሆነ ነው፣ ጭነት ሲቀምስ ትንሽ ይወርዳል። ፍሬኑን ግን አትናቀው። አክስሉና ቻሲው መሃል አንዲት የብረት ዘንግ አለች? ከላይ የፍሬን ዘይት ከሚያልፍበት ቫልቭ ጋር የተያያዘች። ያ ቫልቭ የኋላውን ከፍታ እያየ ነው ለኋላ ጎማ ፍሬን የሚመጥነው። ኋላዋ ከፍ ሲል ባዶ ነች ብሎ የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል፣ ሸክሙ ሁሉ ፊት ላይ ይወድቃል። የዘንጓ ርዝመት የሚስተካከልበት ቦታ አላት፣ ልኩን ከመጽሐፉ አይተህ አስተካክላት፣ ካልቻልክ ፍሬን የሚያውቅ ሰው ያይልህ። ቡና ከመጫንህ በፊት ይሁን። የፊት መብራትህም አሁን መሬት መሬት እያየ ይሆናል፣ ማታ ግድግዳ ላይ አብርተህ አንሳው።

ቨርጂኒያ_60፦
የካርዳኑንም ነገር ጨምሩበት፣ ጉልበት ወደ ኋላ አክስል የሚያደርሰውን ዘንግ ማለቴ ነው። ኋላው ከፍ ሲል የክሮቸራው፣ የዘንጉ መገጣጠሚያ፣ ማዕዘን ይለወጣል። በ60 እና በ80 ኪሎሜትር ፍጥነት መሃል አዲስ ንዝረት ከተሰማህ እዚያ ፈልግ። ካልተሰማህ ተወው።

ሻርጃ_ስፔር፦
መቶ ኪሎሜትር ከሄድክ በኋላ ዩ ቦልቱን ደግመህ አጥብቀው፣ አንድ ሺህ ላይ ደግሞ እንደገና። አዲስ ባሌስትራ ብረቶቹ መሃል ያለው ቀለም ይበላና ክፍተት ይፈጥራል፣ ዳዶው ሳይላላ ራሱ ማሰሩ ይላላል። አሮጌውን ምን አደረግከው?

ጂማ_ሃርድቶፕ፦
ቫልቩ አለ፣ አገኘሁት፣ ነገ ፍሬን ሠሪ ጋ እወስዳታለሁ። አሮጌውን አንጥረኛ ወሰደው፣ ማጭድና ቢላ ይሠራበታል፣ ለኛም አንድ ገጀራ ሊሠራልን ነው።

ሀዋሳ_80፦
ይቅርታ ክሩን እንዳልጠልፍ እንጂ፣ የኔ 80 ላንድክሩዘር ናት፣ አራቱም ላይ ያለው ሞላ፣ የተጠቀለለው ስፕሪንግ፣ ነው እንጂ ባሌስትራ የላትም። ሞላ ለማውጣት መጭመቂያ ያስፈልጋል ይላሉ፣ መጭመቂያው ደግሞ ያስፈራኛል። ግድ ነው?

ጋሽ_ማርሽ፦
ለ80 ብዙ ጊዜ ግድ አይደለም ልጄ። አክስሏ ድፍን ስለሆነ ወደ ታች ብዙ ይወርዳል። ቻሲውን ካቫሌቶ ላይ አስቀምጥ፣ የሁለቱንም ጎን ሾክ አብዞርበር የታች ጫፍና የማመዛዘኛውን ዘንግ ፍታ፣ የፍሬን ቱቦውን እያየህ አክስሉን በክሪክ ቀስ አድርገህ አውርድ፣ ሞላው ይላላና በእጅ ይወጣል። ስታስገባ የሞላው ጫፍ ከታች ባለው ማረፊያ ውስጥ በቦታው መቀመጡን እይ። በጣም ረጅም ሞላ ከገዛህ ብቻ ነው መጭመቂያ የምትፈልገው። የራስህን ጥያቄ በሌላ ክር ክፈት፣ የመኪናዋን ዓመትና የምትጭነውን ጻፍ፣ እዚያ እንነጋገራለን።